ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ?

አባቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ባለው ቁም ሣጥን፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማኅተም ይቀመጥ ነበር። ከጎኑ የአባላት መዝገብና የደረሰኝ ጥራዝ። እኛ ልጆች ያን መደርደሪያ አንነካም።

አንድ ቅዳሜ መርካቶ ይዞኝ ሄደ። ለእድሩ የድንኳን ሸራ፣ ለቤት ደግሞ ድስት ሊገዛ። ድስቱን ከፍሎ ወሰደ። ሸራው ጋ ስንደርስ ነጋዴው ደረሰኙን በአባቴ ስም ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ።

«በእድሩ ስም ይሁን» አለው አባቴ።

«ጋሼ፣ የሚከፍሉትም የሚወስዱትም እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ዕቃው ግን የእድሩ ነው። ነገ እኔ ባልኖር ሌላው አባል መጥቶ የኛ ነው ማለት አለበት።»

ያኔ ብዙም አልገባኝም። የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሰርቨር ፊት ተቀምጬ ነው።

አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የቆዩ ወረቀቶችን ስካን እያደረግን ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ እናስቀምጣለን። አምስት ነን። አንዱ ስካን ያደርጋል፣ ሌላዋ ፋይሎቹን ስም ትሰጣለች፣ ሌላው ያርማል። ሥራው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። እኔ የፈጠርኩትን ፋይል እሷ ልትከፍት ስትሞክር «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ፈቃድ የለሽም ይላታል። እሷ ያስቀመጠችውን እኔ ላርም ስል «ፐርሚሽን ዲናይድ»።

ሰርቨሩን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። እና ያደረግኩትን ልናገር። ሁልጊዜ እሱን ከመሟገት ብዬ ፎልደሩን በሙሉ 777 አደረግኩት። ሦስቱ ሰባቶች ማለት ባለቤቱም፣ ግሩፑም፣ የቀረው ሁሉ ሰውም ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ይሰርዝ ማለት ነው። ጩኸቱ ቆመ። ሁሉም አመሰገነኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ሥራ ጋር ምንም በማይገናኝ ዩዘር ስም የሚሄድ አንድ የማጽጃ ስክሪፕት መንገድ ሳተና የሦስት ሳምንት ስካን ጠረገ። ስክሪፕቱ ስህተት ነበረበት፣ እውነት ነው። በሩን በርግዶ የተወው ግን እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ከካርቶን አውጥተን እንደገና ስካን አደረግናቸው። አንዳንዶቹ በጣም ያረጁ ስለነበሩ ሁለተኛ መነካካት የማይገባቸው ነበሩ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ግሩፕ ምን እንደሆነ የተማርኩት። ከዚያ በፊት ዓመታት ሊኑክስ ተጠቅሜአለሁ። ግሩፕን ግን እንደ ጌጥ ነበር የማየው።

በሊኑክስም ሆነ በሌሎቹ የዩኒክስ ዘመዶች እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዩዘር አለው። ከዚያ ላይ ግሩፖች አሉት፤ ግሩፕ ማለት በአንድ ስም የተመዘገቡ ዩዘሮች ስብስብ ነው። አንዱ ዋናው ነው፣ ሌሎቹ ተጨማሪ ናቸው። ፋይል ለመክፈት ሲሞክር ሁሉም ግሩፖቹ ይቆጠሩለታል። አዲስ ፋይል ሲፈጥር ግን በተለመደው አሠራር ፋይሉ ላይ የሚያርፈው የዋናው ግሩፕ ስም ብቻ ነው። የአሥር ግሩፕ አባል ብትሆንም ደረሰኙ የሚቆረጠው በአንዱ ስም ነው። በኡቡንቱ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ዋና ግሩፕ የገዛ ስሙን የያዘ፣ እሱ ብቻ ያለበት ግሩፕ ነው። ስለዚህ እኛ አምስታችን አንድ ላይ እየሠራን፣ እያንዳንዳችን ሸራውን በግል ስማችን እየገዛን ነበር።

«መዝገብ» የሚል ግሩፕ ፈጠርኩ። አምስታችንንም ጨመርኩ። ስም የምትሰጠዋ ባልደረባዬ ወዲያው ሞከረች።

«ጨምሬሻለሁ አላልከኝም? አሁንም እምቢ አለኝ እኮ።»

እውነቷን ነው። ጨምሬአታለሁ፣ እምቢም ብሏታል። ይህች ነጥብ ብዙ ሰው ታሰናክላለች፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት። የግሩፕ ዝርዝርህን ኮምፒውተሩ በየደቂቃው አያይልህም። ስትገባ፣ ሎጊን ስታደርግ፣ የግሩፖች መዝገብ ከሆነው ፋይል አንድ ጊዜ አንብቦ ለመጀመሪያው ሼልህ፣ ትእዛዝ ለምትጽፍበት ፕሮግራም፣ ያስታጥቀዋል። ከዚያ ሼል የሚወለደው ፕሮግራም ሁሉ ያንኑ ዝርዝር ይወርሳል። ልጅ ከወላጁ፣ የልጅ ልጅም ከልጁ። አስተዳዳሪው መዝገቡ ላይ ስምህን ቢጨምር ቀድሞ የተወለደው ፕሮግራም አይሰማም። «አይዲ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻውን ስትጽፈው ሼልህ አሁን የታጠቀውን ያሳይሃል። ከኋላው የራስህን ዩዘር ስም ስትጨምርበት ደግሞ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን። ሁለቱ ከተለያዩ ችግሩ እሱ ነው። እሷ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ፊቷ በራ። ወጥታ ገባችና ተከፈተላት።

መውጣትና መግባት የማይመችበት ጊዜ አለ። ሩቅ ሰርቨር ላይ አራት ሰዓት የፈጀ ሥራ እየሄደልህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ «ኒውግሩፕ» የሚባለው ትእዛዝ አለ። ሲጻፍ «ግሩፕ» ከሚለው ቃል አናባቢዎቹ ይጎድላሉ፦ ኤን፣ ኢ፣ ደብልዩ፣ ጂ፣ አር፣ ፒ። ከኋላው የግሩፑን ስም ትሰጠዋለህ። እሱም አዲስ ሼል ይከፍትልሃል፤ በዚያ ሼል ውስጥ ዋና ግሩፕህ ያ የጠራኸው ይሆናል። ዩዘርህ አልተለወጠም። አንተ አንተው ነህ። «ኤግዚት» ስትል ወደ ቀድሞው ትመለሳለህ።

ትእዛዙ አዲስ አይደለም። ከቤል ላብስ በወጣው በስድስተኛው የዩኒክስ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ነበረ። ያኔ ደግሞ ከዛሬው ይልቅ አስፈላጊ ነበር። አንድ ሰው በብዙ ግሩፖች ስሙ ቢመዘገብም በአንድ ጊዜ የሚቆጠርለት በአንዱ ብቻ ነው። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር በትእዛዙ ግሩፑን ይቀይራል። በበርክሊ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የዩኒክስ ዝርያ፣ 4.2 ቢኤስዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመጣ ነው አንድ ፕሮግራም ብዙ ግሩፖችን በአንድ ላይ መያዝ የቻለው። ዛሬ ሊኑክስ እስከ 65,536 ይፈቅዳል፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 2.6.4 እትም ላይ እስኪደርስ 32 ነበር። (በኤንኤፍኤስ፣ ማለትም በኔትወርክ፣ ፋይል የሚጋራ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የተለመደው የማንነት ማሳወቂያው ከ16 በላይ ግሩፕ አይሸከምም። አሥራ ሰባተኛው ግሩፕህ በመንገድ ይቀራል፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ምክንያቱን ስትፈልግ ትውላለህ።)

ግሩፕ መቀየር ተራ ፕሮግራም የሚችለው ነገር አይደለም። ማንም እየተነሳ ራሱን የፈለገው ግሩፕ አባል ቢያደርግ ፈቃድ የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል። ከርነሉ ይህን የሚፈቅደው ሥልጣን ላለው ብቻ ነው። ስለዚህ ኒውግሩፕ የሚሄደው ሁሉን በሚችለው ዩዘር፣ በሩት፣ ሥልጣን ነው፤ መዝገቡን ያያል፣ አባል መሆንህን ያረጋግጣል፣ ግሩፑን ይቀይርና ሥልጣኑን አስረክቦ ሼልህን ይሰጥሃል። አንድ ፕሮግራም በጀመረው ሰው ሳይሆን በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲሄድ የሚያደርገው ሐሳብ ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው የዴኒስ ሪቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፓተንት ማመልከቻ ገብቶለት በ1979 ጸድቋል። ተመሳሳዩ ለግሩፕም አለ። ዴቢያን በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የክሮን ሰንጠረዥህን፣ ማለትም በቀጠሮ የሚሄዱ ሥራዎችህን ዝርዝር፣ የምትጽፍበት ፕሮግራም ለምሳሌ «ክሮንታብ» በሚባል ግሩፕ ሥልጣን ነው የሚሄደው። ሩት አያስፈልገውም። የሚነካት አንዲት ፎልደር ናት፤ የተሰጠውም ለዚያች ፎልደር የሚበቃ ብቻ ነው። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል። ልክ በልኩ የተቆረጠ ነው።

ወደ ቢሮዬ ልመለስ። ለፎልደሩ ሌላ መላ ነበረ፦ 2775። ከፊት ያለችው 2 ፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታደርጋለች። አደረግኩት። ለብዙው ሥራ በቂ ነበር። ግን ስካን የሚያደርገው ስክሪፕታችን ፋይሎቹን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ፈጥሮ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ነው ወደ ጋራው ፎልደር የሚያንቀሳቅሰው። የተንቀሳቀሰ ፋይል አዲስ የተፈጠረ ፋይል አይደለም። በዚያው ዲስክ ላይ ሲዛወር የድሮ ግሩፑን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ጋራው ፎልደር ውስጥ ግማሹ ፋይል «መዝገብ»፣ ግማሹ የእኔ ስም። ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ምንም ሳትል ቆማ ታየኛለች።

ስክሪፕቱ ውስጥ ኒውግሩፕን ጻፍኩ። አልሠራም። መሥራትም የለበትም። ኒውግሩፕ አዲስ ሼል ይከፍታል፤ ስክሪፕቱም እዚያው ቆሞ ያ ሼል እስኪዘጋ ይጠብቃል። ቀሪዎቹ መስመሮች የሚሄዱት ሼሉ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ያውም በድሮው ግሩፕ። ለተርሚናል እንጂ ለስክሪፕት የተሠራ አይደለም።

የምፈልገው «ኤስጂ» ነበር። ሁለት ፊደል ናት። የግሩፑን ስም ትሰጣታለህ፣ ከዚያ ዳሽ ሲ ብለህ ትእዛዙን በሙሉ በጥቅስ ውስጥ ታስገባለህ። ያንን ትእዛዝ ብቻ፣ በዚያ ግሩፕ ስም፣ አስኪዳ ትመለሳለች። በብዙ ሲስተሞች ላይ ከኒውግሩፕ ጋር አንድ ፕሮግራም ናቸው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። ጥቅሱን አትርሱ። ትእዛዙ ክፍተት ካለውና በጥቅስ ካልታሰረ ሁሉም ቃል አብሮ አይደርስም።

የስካን ስክሪፕቱን በኤስጂ ጠቅልዬ አስኬድኩት። ጊዜያዊው ፎልደር ውስጥ የተወለዱት ፋይሎች ከመጀመሪያው «መዝገብ» ተብለው ተወለዱ። ሲዛወሩም ስማቸውን ይዘው ተዛወሩ። ጠዋት ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ጋ አልመጣችም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። «ዩዘርሞድ» በሚለው ትእዛዝ ሰው ወደ ግሩፕ ስትጨምር ዳሽ ኤ እና ዳሽ ትልቁ ጂ አብረው ይጻፉ። ትልቁ ጂ ብቻውን ከሆነ ትርጉሙ «ይህንን ጨምር» አይደለም። «ተጨማሪ ግሩፖቹ እነዚህ ብቻ ይሁኑ» ነው። እኔ ራሴን አዲስ ግሩፕ ላይ ስጨምር ኤዋን ዘለልኳት። ወጥቼ ስገባ ሱዱ፣ በሩት ሥልጣን ትእዛዝ የማስኬድበት ፕሮግራም፣ እምቢ አለኝ። ከሱዱ ግሩፕ ራሴን በገዛ እጄ አውጥቻለሁ። ሌላ አስተዳዳሪ ስለነበረ ነው የመለሰልኝ። ብቻህን የምታስተዳድረው ሩቅ ሰርቨር ላይ ይህ ቢደርስ ቀኑ ከባድ ነው።

ሱዱን ካነሳሁ፣ እሱም በግሩፕ ይሠራል። ብዙ ሰው ሱዱን ሩት መሆኛ አድርጎ ብቻ ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፋሎ ሲሠሩት የጀመረው ያ ፕሮግራም ዛሬ ዳሽ ትንሿ ጂ አለችው። ከኋላዋ የግሩፕ ስም ስትሰጠው፣ ዩዘር ካልጠራህ፣ ትእዛዙ በራስህ ዩዘር፣ በዚያ ግሩፕ ይሄዳል። ጥሩው ነገር የሱዱ ደንብ ፋይል ላይ ዝርዝሩን መወሰን መቻሉ ነው። እገሌ፣ ይህችን አንዲት ትእዛዝ፣ በዚህ ግሩፕ ስም ማስኬድ ይችላል ትላለህ። ለግሩፑ ቋሚ አባል ሳታደርገው። የተደረገውም መዝገብ ላይ ይጻፋል።

ግሩፕ ራሱ ፓስወርድ ሊኖረው እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። አባል ያልሆነ ሰው ፓስወርዱን ካወቀ በኒውግሩፕ መግባት ይችላል። እኔ አልመክረውም። ለአምስት ሰው የተነገረ ምስጢር ማን እንዳወጣው አይታወቅም። አንድ ሰው ሲለቅም ለአራቱ እንደገና መንገር ነው።

ግሩፕን ከፋይል ውጭ ለሌላ ነገር የተጠቀምኩበት ጊዜም አለ። ይህን የምጽፈው በተለይ በስልክ ፓኬጅ ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ነው። ላፕቶፔን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ስሠራ አንዳንድ ፕሮግራም ሳልጠይቀው ማውረድ ይጀምርና ፓኬጁን ይጨርሰዋል። «ኢንተርኔት የለም» የሚል ትርጉም ያለው ግሩፕ ፈጠርኩ። አይፒቴብልስ በሚባለው የኔትወርክ ዘበኛ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ከዚህ ግሩፕ የሚወጣ ነገር ሁሉ ይከልከል። ከዚያ ያንን ፕሮግራም በኤስጂ፣ በዚያ ግሩፕ ስም አስነሳዋለሁ። ሌላው ሁሉ ኢንተርኔት ያገኛል፣ እሱ ብቻውን አያገኝም። ለአይፒ 6፣ ለአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት፣ የራሱን መስመር መጨመር እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ በዚያ በኩል ይወጣል። እዚህ ላይ ዋናና ተጨማሪ ግሩፕ የሚለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ የዚያ ግሩፕ ተጨማሪ አባል ነኝ፣ ግን ኢንተርኔቴ አልተቋረጠም። ደንቡ ሌላ ካልተባለ በስተቀር የሚያየው ፕሮግራሙ አሁን በማን ስም እንደሚሄድ ነው። አባል መሆን ብቻውን አይቆጠርም፤ በስሙ መሄድ ነው የሚቆጠረው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ግሩፕ ሁልጊዜ የሚጨምር አይምሰላችሁ። ሊከለክልም ይችላል። አንድ ፋይል 604 ከሆነ ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያነባል፤ የግሩፑ አባላት ግን ምንም። ከርነሉ ሲያይ የባለቤትነት ጥያቄ ይቀድማል፣ ከዚያ የግሩፕ፣ ከዚያ የሌላው ሰው። አንዱ ላይ ከተመዘገብክ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ስለዚህ ግሩፕን ከራስ ላይ መጣል ራሱ ፈቃድ ሊያስገኝ ይችላል። በሊኑክስ ይህ ቀዳዳ በዩዘር ኔምስፔስ (ለፕሮግራሞች የተለየ የዩዘሮች ዓለም በሚፈጥረው አሠራር) በኩል እውነተኛ የደኅንነት ችግር ሆኖ ተገኝቶ በ3.19 ከርነል ላይ መዝጊያ ተበጅቶለታል።

ዛሬ ብዙ ወጣት ከኒውግሩፕ ጋር የሚተዋወቀው ዶከር፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደውን መሣሪያ፣ ሲጭን ነው። መመሪያው ራስህን ዶከር ግሩፕ ላይ ጨምር፣ ከዚያ ኒውግሩፕ ዶከር በል ይለዋል። ይልና ይሠራለታል፤ ወደ ሚቀጥለው መስመር ያልፋል። እባካችሁ እዚያች መስመር ላይ ቁሙ። የዶከር ግሩፕ አባል መሆን ከሩት ጋር እኩል ሥልጣን ነው። የዶከር ሰዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ጽፈውታል። አባሉ የኮምፒውተሩን ዲስክ በሙሉ ኮንቴይነር ውስጥ አስገብቶ የፈለገውን ማድረግ ይችላል። ይህን እያወቁ መስጠትና ሳያውቁ መስጠት አንድ አይደለም። እኔ 777 የሰጠሁት ሳላውቅ ነበር።

ያን ቢሮ ከለቀቅኩ ቆየሁ። ከመሄዴ በፊት ለባልደረባዬ ሁሉንም አሳየኋት፤ ሰርቨሩን የተረከበችው እሷ ናት። የኔን ዩዘር እንድታጠፋውም ነገርኳት። የሄደ ሰው በር አይያዝ።

በቅርቡ ማታ ላይ መልእክት ላከችልኝ። የተርሚናሉን ፎቶ አንስታለች። በኔ ጊዜ ስካን የተደረጉ ፋይሎች ዝርዝር ነው። የባለቤቱ ዓምድ ላይ ስም የለም፤ 1004 የሚል ቁጥር ብቻ። ዩዘሩ ሲጠፋ ስሙን የሚያውቅ መዝገብ ስለሌለ ሲስተሙ ቁጥሩን ነው የሚያሳየው። ቀጥሎ ያለው ዓምድ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች፣ በየመስመሩ፣ «መዝገብ» ይላል። እኔ ጭራሽ የማላውቀው አዲስ ልጅ ጠዋት ገብቶ ሲያርማቸው ውሏል አለችኝ፤ አንድም ቦታ እምቢ አላለውም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቋታል።

«ይሄ 1004 ማነው? ብሎኛል» አለች።

«እኔ ነበርኩ በይው» አልኳት።